የሚያዥ የጉልበት ቁስል ቀጠሮ አይሰጥም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ስለ ጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ሕመሙ እንዴት እንደሚጀምር፣ የተበላው መገጣጠሚያ በብረትና በፕላስቲክ እንዴት እንደሚተካ፣ ሕመምተኛው መቼ ተነሥቶ መራመድና ደረጃ መውጣት እንደሚጀምር ጥሩ አድርጎ አስረድቷል። ስለ ቁስሉ ግን ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ቁስሉ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚድን የሚናገር ነው። ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም። እኔ ግን በቀዶ ሕክምና ክፍል ቁስል በማጠብና በማሸግ ብዙ ዓመት የሠራሁ ነርስ በመሆኔ የሥራ ጊዜዬን ያሳለፍኩት «በአብዛኛው» ከሚለው ቃል ውጭ ከቀሩት ሕመምተኞች ጋር ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለ እነሱ ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው። ሰው ሠራሽ ጉልበት የገባለት ሰው ቁስሉ ማዠቱን አላቆም ሲል ወይም በስፌቱ ዳር ያለው ቆዳ ሲጠቁር፣ የፕላስቲክና መልሶ ጥገና ቀዶ ሕክምና ሐኪም መጠራት ያለበት በዚያው ሳምንት ነው እንጂ ብረቱ በቀዳዳው ከታየ በኋላ አይደለም። ይህ ለባለሙያዎች የታወቀ ነገር ነው። ሆኖም በዎርድ ውስጥ ነገሩ ሲዘገይ ደጋግሜ አይቻለሁ፣ በመዘግየቱም እጄ አለበት።

ጉልበት በዚህ ረገድ ከሌላው የሰውነት ክፍል የሚለይበት ምክንያት አለው። አንባቢ ጭኑን በጣቶቹ ቢጨብጥ ከቆዳው ሥር ወፍራም ሥጋ ያገኛል፤ እጁን ዝቅ አድርጎ የጉልበቱን ሎሚ ቢዳብስ ግን በጣቱና በአጥንቱ መካከል ከቆዳውና ከስስ ስብ በቀር ምንም አያገኝም። ከሎሚው ወርዶ በቅልጥም አጥንት ላይ የሚያርፈው ወፍራም ጅማትም እንዲሁ ቆዳው ሥር ወዲያው ይዳሰሳል። ጭን ላይ ቆዳ ቢሞት ከሥሩ ደም የጠገበ ጡንቻ ስላለ ቁስሉ ከታች ወደ ላይ ሥጋ እየሞላ ይሽራል። ጉልበት ላይ ቆዳ ከሞተ ግን ከሥሩ ያለው ጅማቱና የመገጣጠሚያው ከረጢት ነው፤ ከዚያ ሥር ደግሞ ብረቱ ነው፤ ብረት ላይ ሥጋ አይበቅልም። ለዚህ ቆዳ ደም የሚያመጡት ቀጫጭን የደም ሥሮች በብዛት የሚነሡት ከጉልበቱ የውስጥ ጎን ሲሆን የሚጓዙትም ጡንቻንና መገጣጠሚያን ከሚሸፍነው ጠንካራ ስስ ሽፋን ጋር ተያይዘው ነው፤ ስለዚህ ቆዳው ከዚህ ሽፋን ተለይቶ ርቆ ከተገለጠ ደሙ ይቋረጣል። በዚህ ላይ ጉልበት በታጠፈ ቁጥር የፊቱ ቆዳ ይወጠራል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ጉልበቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲታጠፍ የቁስሉ ጠርዝ የሚያገኘው ኦክስጅን እንደሚቀንስ ተለክቶ ታውቋል። ለዚህም ነው ቁስሉ እያዠ ሳለ «ጉልበቱ እንዳይደርቅ» በማለት ማጠፉን አጥብቆ መቀጠል ጥቅሙ ከጉዳቱ የሚያንሰው፤ አንድ ሁለት ቀን እግሩን ዘርግቶ ማሳረፍ ጉልበቱን አያደርቀውም።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህር አስታውሳለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አጥንታቸው ተሰብሮ ተሠርቶላቸው ስለነበር በጉልበታቸው የውጭ ጎን ረጅም ጠባሳ ነበራቸው። ጉልበቱ ሲቀየር በአሮጌው ጠባሳ በኩል አልተገባም፤ መሐሉን ይዞ በወረደ አዲስ መስመር ተከፈተ፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል የቀረችው የቆዳ ጥብጣብም ሁለት ጣት ብትሰፋ ነው። ደም ከውስጥ ጎን እንዳይመጣላት አዲሱ ስፌት ከለከላት፣ ከውጭ ጎን እንዳይመጣላት አሮጌው ጠባሳ ከለከላት። በሦስተኛው ቀን ወደ ወይን ጠጅ መልክ ተለወጠች፣ በአምስተኛው ቀን ዳርዋ ውኃ ቋጠረ፣ በስድስተኛው ቀን ማለዳ ፋሻውን ስፈታ በጎዙ መሐል የቡና ስኒ አፍ የሚያህል ቢጫ ክብ አገኘሁ። እማማ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩትና «ልጄ፣ ትንሽ እኮ ናት፤ ከትናንቱ ሳታንስ አትቀርም» አሉኝ። እኔም ለማጽናናት «አዎን እማማ፣ ታንሳለች» አልኳቸው። አላነሰችም ነበር።

የሐኪሞች ዙር ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቶ ነበርና እንደተለመደው ክፍሉ ንጹሕ ሆኖ እንዲጠብቃቸው ቁስሉን አጥቤ አዲስ ጎዝ አለበስኩት፤ ቢጫውን ጎዝ ጣልኩት። ሐኪሞቹ ሲመጡ ያዩት ነጭ ፋሻ ነው፤ በሰነዱ ላይ «ቁስሉ ደረቅ ነው» ተብሎ ተጻፈ። በነርስ ማስታወሻ ደግሞ በእኔው እጅ «ያዣል» የሚል ተጽፎ ነበር። ሁለቱ ቃላት በአንድ ሰነድ ውስጥ 3 ቀን አብረው ውለው አድረዋል፤ ያገናኛቸው ሰው አልነበረም። እማማ የፀረ ባክቴሪያ ክኒን ታዝዞላቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሦስተኛው ሳምንት ሲመለሱ ጥብጣቧ እንደ ከሰል ጠቁራ ጠርዟ ተነሥቷል፤ በመሐሏ የሸሚዝ ቁልፍ በሚያህል ቀዳዳ ውስጥም ብረቱ ያብለጨልጭ ነበር። ያን ብልጭታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዚያን ቀንና በስድስተኛው ቀን መካከል ያለው ልዩነት የሁለት ሳምንት ብቻ አይመስለኝም። ባክቴሪያ በሕያው ሥጋ ላይ ሲያርፍ ደም የሚያመጣቸው ነጭ የደም ሕዋሳትና መድኃኒቱ ሊደርሱበት ይችላሉ። በብረትና በፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ግን የደም ሥር የለምና የሚደርስበት ነገር ትንሽ ነው፤ ውሎ ሲያድር በላዩ ላይ ንፍጥ መሰል ሽፋን ይሠራል፤ ባለሙያዎች ባዮፊልም ይሉታል። በዚህ ሽፋን ሥር ያለ ባክቴሪያ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ያለ ያህል በዝግታ ስለሚኖር፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው መድኃኒት በቂ በሆነ መጠን አያገኘውም፤ ቢያገኘውም አይገድለውም። ሽፋኑ ገና ስስ ሳለ መገጣጠሚያውን ከፍቶ በደንብ አጥቦ፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ፕላስቲክ ብቻ ቀይሮ ብረቱን ማትረፍ ይቻላል። ሽፋኑ ከጎለመሰ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ ብረቱም፣ ብረቱን ከአጥንት ጋር ያጣበቀው ሲሚንቶም መውጣት አለባቸው።

ቁጥሮቹም ይህንኑ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ የወጣ ጥናት፣ የጉልበት ቅየራ ቁስል ማዠቱን በቀጠለ በእያንዳንዱ ቀን የቁስል ኢንፌክሽን ሥጋት በ29 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና በአሜሪካ በሚገኘው ሜዮ ክሊኒክ የተሠሩ 17,784 የጉልበት ቅየራዎችን የተመለከተው ጥናት ደግሞ፣ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ በቁስል ችግር ምክንያት እንደገና ወደ ቀዶ ሕክምና የተመለሱት 59 ጉልበቶች ብቻ መሆናቸውን ዘግቧል፤ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ጉልበቶች ውስጥ በ2 ዓመት ጊዜ ወደ ውስጥ የዘለቀ ኢንፌክሽን የሚያጋጥማቸው 6 በመቶ ሲሆኑ፣ ያን መሰል ችግር ካልገጠማቸው ውስጥ 0.8 በመቶ ብቻ ናቸው። ችግሩ ብርቅ ነው፤ የደረሰበት ሰው ግን ጎዳናው ወዲያው ይለወጥበታል። ብርቅነቱም ራሱ ጉዳት አለው እላለሁ፤ በአንድ ክፍል የሚሠራ ሰው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚያየውን ነገር ባየው ጊዜ ሌላው ሁሉ እንደዳነ ይህም ይድናል ብሎ መጠበቁ አይቀርም።

በመጠበቁ ጊዜ ደግሞ ክኒን ይታዘዛል። ስለ ክኒኑ ጥቂት መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ሕመምተኛውንም ቤተሰቡንም፣ እውነቱን ለመናገር እኛንም፣ አንድ ነገር የተደረገ ያህል እንዲሰማን የሚያደርገው እሱ ነው። ቁስል የሚያዠው ውስጡ ደም ቋጥሮ፣ ስብ ቀልጦ፣ የመገጣጠሚያው ስፌት ላልቶ ወይም ቆዳው ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ለእነዚህ ሁሉ ክኒን መልስ አይሆንም። ከዚህ የከፋው ግን መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሳይገድል መደበቁ ነው። ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ሳይቀዳ ክኒን ከተጀመረ፣ በኋላ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ሲላክ ምንም ላይበቅል ይችላል፤ ያን ጊዜ ሐኪሞቹ ማንን እንደሚወጉ ሳያውቁ ለመዋጋት ይገደዳሉ። ከቁስሉ ገጽ በጥጥ ተጠርጎ የሚወሰደው ናሙናም ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው በቆዳ ላይ የሚኖረውን ባክቴሪያ እንጂ ብረቱ ላይ ያለውን አይደለም። ስለዚህ ከ5 እስከ 7 ቀን ሆኖት ማዠቱን ያላቆመ ቁስል የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቶ ተከፍቶ መታየትና መታጠብ ነው፤ በዚያ ሰዓት ከአጥንት ሐኪሙ ጎን የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምናው ሐኪም ቆሞ ቢሆን ምንኛ መልካም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ስሙ ራሱ እንቅፋት እንደሚሆን አስተውያለሁ። አንድ ሽማግሌ አባት የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ሊያያቸው እንደሚመጣ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቁንጅና ምን ያደርግልኛል፣ ጉልበቴን አድኑልኝ እንጂ» አሉ። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መቅረጽ፣ ቅርጽ መስጠት ነው፤ ሙያውም በመሠረቱ የጎደለውን ከራስ ሰውነት ወስዶ መሙላት ነው። ይህን ሳስረዳቸው አባባ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው «ታዲያ ከየት ሊወስዱልኝ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ለአንባቢም መልሱን መስጠት እወዳለሁ።

የሞተችው ቆዳ ትንሽና ደረቅ ከሆነች፣ ከጅማቱም ርቃ ካለች፣ እንክብካቤ እየተደረገላት ራሷ ተልጣ እስክትወድቅ መጠበቅ ይቻላል፤ ይህ ውሳኔም ቢሆን የባለሙያ እንጂ የግምት መሆን የለበትም። ከዚያ ካለፈ ብዙ ሰው የሚያስበው ከጭን ላይ ስስ ቆዳ ተልጦ መለጠፉን ነው። የተለጠፈ ቆዳ ግን እንደ ችግኝ ነው፤ የሚበቅለው ከሥሩ ደም የሚያጠጣው አፈር ሲያገኝ ብቻ ነው፤ በባዶ ጅማትና በብረት ላይ አይዝም። በቁስል ላይ ተለጥፎ ፈሳሹን በቀስታ የሚስበው መሣሪያም በጣም ይጠቅማል፤ በተለይ ገና በተሰፋ ቁስል ላይ ሲውል እብጠትን ይቀንሳል። ነገር ግን ብረት ተጋልጦ ሳለ መሣሪያውን ብቻ ለሳምንታት ለጥፎ መቀመጥ ጊዜን ማቃጠል ነው፤ መሣሪያው የሚመጣውን ሽፋን እስኪመጣ ያቆያል እንጂ ራሱ ሽፋን አይሆንም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው የራሱን የደም ሥር ይዞ የሚመጣ ሥጋ ነው፤ በሙያው ቋንቋ ፍላፕ ይባላል። ለጉልበት ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው ባት ላይ ያለው ነው። ባታችንን የሚያወፍረው የላይኛው ጡንቻ ሁለት ራስ አለው፤ የውስጠኛው ራስ ከውጭኛው ይረዝማል፣ ይተልቃልም። ደሙን የሚያገኘው ከጉልበት በስተጀርባ ካለው ትልቅ ደም ቅዳ ቧንቧ በሚነሣ አንድ ዋና ሥር ሲሆን ይህ ሥር ወደ ጡንቻው የሚገባው በላይኛው ጫፉ፣ ጉልበቱ አጠገብ ነው። ይህ አቀማመጥ ለሐኪሙ ትልቅ ስጦታ ነው። የጡንቻውን የታችኛውን ጫፍ ከተረከዝ ጅማት ለይቶ፣ የላይኛውን ሥሩን ሳይነካ፣ በር በማጠፊያው እንደሚዞር አዙሮ በጉልበቱ ፊት ላይ ያለብሰዋል። በላዩ ላይ ከጭን የተላጠ ስስ ቆዳ ይለጠፍበታል፤ አሁን ግን ከሥሩ ደም የጠገበ ሥጋ ስላለ ይይዛል። ሕመምተኞች ሁልጊዜ የሚጠይቁት ጡንቻው ከባታቸው ከተወሰደ በኋላ መራመድ ስለ መቻላቸው ነው። ከእሱ ሥር ሌላ ሰፊ ጡንቻ ስላለና የውጭኛው ራስም በቦታው ስለሚቀር መራመድ ይቻላል፤ በሩጫ፣ በዝላይና ዳገት በመውጣት ጊዜ ግን የአቅም መቀነስ ሊሰማ ይችላል፤ ባቱም ይከሳል። ይህን አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው።

ይህ ጡንቻ የተጋለጠ ሰው ሠራሽ ጉልበት ለመሸፈን እንደሚያገለግል በሕክምና መጽሔት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ያልተሞከረ ወይም የሚያስፈራ ነገር አይደለም። የራሱ ወሰን ግን አለው። ከሎሚው በላይ ላለ ቁስል ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ያን ጊዜ ከጭን ጎን ቆዳና ሽፋኑ ከነደም ሥሩ ይዞራል፤ ወይም ከጀርባ ጡንቻ፣ ካልሆነም ከሌላው ጭን ተቆርጦ መጥቶ የደም ሥሩ በማይክሮስኮፕ ሥር በጉልበቱ አካባቢ ካለ የደም ሥር ጋር ይሰፋል። ትንሽና ጥልቀት የሌለው ቁስል ሲሆን ደግሞ በዙሪያው ካለው ቆዳ የተዘጋጀ ፍላፕ ጡንቻ ሳይነካ ሊበቃ ይችላል። የትኛው ለማን እንደሚሆን ማዘዝ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ምርጫው ሰፊ የሚሆነው ግን ቀድሞ ለመጣ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ከሥሩ ኢንፌክሽን እያለ ፍላፕ ማልበስ ፍምን በአመድ መሸፈን ነውና ሽፋኑ የሚመጣው ከጥልቅ እጥበት በኋላ ወይም ከእሱ ጋር ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ የእኛ የነርሶች ነው፤ ከሥራዬ ሁሉ የምወደውም ይኸው ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ጡንቻውን በየሰዓቱ አየዋለሁ። ጤነኛ ሲሆን የሥጋ ቀይ መልክ አለው፤ በጓንት ጣቴ ጀርባ ስነካው ይሞቃል። ደም የሚያመጣው ሥር ከተጨነቀ ይገረጣል፤ ደም የሚመልሰው ሥር ከተጨነቀ ደግሞ ይጠቁርና ያብጣል። አንዳንዴ የሚያጨንቀው ከባቱ ሥር የተቀመጠ ትራስ ወይም ጠብቆ የታሰረ ፋሻ ብቻ ይሆናል፤ ፋሻውን ስፈታው መልኩ በዓይኔ ፊት ሲመለስ አይቻለሁ። የተለጠፈው ቆዳ በ5 ቀን ገደማ ተከፍቶ ሲታይ ሮዝ መልክ ይዞ ከተገኘ ይዟል ማለት ነው። ጉልበቱ እስኪጸና ተዘርግቶ ይቆያል፤ ማጠፍ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በሐኪሙ ፈቃድ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ያነሣኋቸው መምህር ይህ ሁሉ ደርሶባቸዋል። ብረቱ ወጣ፤ በቦታው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ገባ፤ ባታቸው ላይ ያለው ጡንቻ ጉልበታቸውን ሸፈነ፤ ለ6 ሳምንት በደም ሥር መድኃኒት ወሰዱ፤ ከወራት በኋላ በዚያው ጡንቻ ሥር አዲስ መገጣጠሚያ ገባላቸው። ዛሬ በምርኩዝ ይራመዳሉ። ጉልበቱ የሚታጠፈው ግን ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንኳ በማይበቃ መጠን ነው። ከእሳቸው የባሰባቸውም አሉ፤ ጉልበቱ መቼም እንዳይታጠፍ ሆኖ አጥንት ከአጥንት ጋር የተገጠመላቸውን፣ እግራቸው ከጉልበት በላይ የተቆረጠባቸውንም ተንከባክቤያለሁ። የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምናው ሐኪም በጊዜ ቢጠራ ኖሮ ሁሉም ይድኑ ነበር አልልም፤ የስኳር ሕመም፣ የደም ሥር መጥበብና የሰውነት መድከም የራሳቸው ፍርድ አላቸው። መምህሯ ግን በስድስተኛው ቀን ቢታዩ ኖሮ የመጀመሪያው ብረታቸው የመትረፍ ዕድል ነበረው፤ ይህን ዕድል ሳያገኙ ቀርተዋል።

ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ገና ቀዶ ሕክምናው ሳይጀመር ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። በጉልበቱ ላይ አሮጌ ጠባሳ ያለው ሰው፣ ቃጠሎ የደረሰበት ወይም የጨረር ሕክምና የወሰደ ሰው፣ ቆዳው ከአጥንት ጋር ተጣብቆ የማይንሸራተት ሰው ከቅየራው በፊት ለፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም መታየት አለበት። የሚቻል ከሆነ በአሮጌው ጠባሳ መግባት፣ ብዙ ጠባሳ ካለ ወደ ውጭ ጎን የቀረበውን መምረጥ፣ አግድም የተኛ ጠባሳ ካለ ቀጥ ብሎ ማቋረጥ የታወቁ ደንቦች ናቸው። ቆዳው የማይበቃ ከመሰለ ከቆዳው ሥር ፊኛ ተቀብሮ በሳምንታት ውስጥ በጨው ውኃ ቀስ በቀስ እየተሞላ ቆዳውን እንዲያሰፋ ይደረጋል፤ አንዳንዴም ፍላፑ ራሱ አስቀድሞ ይሠራና ጉልበቱ ከዚያ በኋላ ይቀየራል። ሕመምተኛውም የሚያደርገው አለ፤ ሲጋራን ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀድሞ ማቆም፣ ስኳሩን ማስተካከል፣ በደሙ ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን በዴሲ ሊትር ከ3.5 ግራም በታች ከሆነ መጀመሪያ አመጋገቡን አስተካክሎ መጠበቅ። ጉልበት መቀየር አስቸኳይ ጉዳይ አይደለም፤ ለዓመታት የታመመ ጉልበት ሁለት ወር ቢጨመርበት ሕመሙ ይቀጥላል እንጂ ጉልበቱ አይጠፋም፤ የሞተ ቆዳ ግን አይመለስም።

የአጥንት ሐኪሞቻችን ሌላ ባለሙያ መጥራትን ሽንፈትን እንደ መቀበል አድርገው የሚያዩበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፤ በግልጽ የሚናገሩት ባይሆንም ዙር ላይ ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው ይሰማል። እኔ በተቃራኒው አስባለሁ። ካየኋቸው ሐኪሞች ሁሉ በጣም የማከብራቸው አንድ የአጥንት ሐኪም፣ በአራተኛው ቀን የአንድ ሰው የቁስል ጠርዝ ሲጠቁር ገና ሲያዩ ስልካቸውን አውጥተው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ባልደረባቸውን «ና፣ አብረን እንየው» ያሉት ናቸው። ባልደረባቸው መጥተው አዩትና ለጊዜው ቢጠበቅ ይሻላል አሉ፤ በየቀኑ እየመጡ አዩት፤ ቁስሉ ሳይከፈት ዳነ። በከንቱ ተጠሩ ያለ ሰው አልነበረም።

እኔ በበኩሌ ከመምህሯ ወዲህ ቢጫ ጎዝ ከዙር በፊት ጥዬ አላውቅም። ፋሻው ላይ እድፉ እስከ የት እንደደረሰ በብዕር አከብበዋለሁ፣ ከጎኑ ቀኑንና ሰዓቱን እጽፋለሁ፤ ሐኪሙ ሲመጣ ክቡ ስንት ጊዜ እንደሰፋ በዓይኑ ያየዋል። አብረውኝ የሚሠሩትም ይህንኑ ይዘዋል። በሌሎች ክፍሎች ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ካነበቡ ከብዕር በቀር ሌላ ወጪ እንደማይጠይቅ ልነግራቸው እፈልጋለሁ።

የዝግጅት ክፍላችሁንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ስለ ጉልበት ቅየራ ወደፊት ስትጽፉ፣ ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ይዞት በሚሄደው ወረቀት ላይ ሊሠፍር የሚገባውን ይህን ቃል ከጽሑፉ ጋር አትሙልን፦ «ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ቁስልዎ ቢያዥ፣ ያዥ የነበረውም በ24 ሰዓት ውስጥ ባያቆም፣ የስፌቱ ዳር ቢጠቁር ወይም ውኃ ቢቋጥር፣ መድኃኒት ቤት ሄደው ክኒን አይግዙ፤ በእጅዎ ያለውንም ክኒን ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ቁስሉን ያሸገውን ጎዝ ሳይጥሉ በንጹሕ ፕላስቲክ ይዘው፣ ጉልበትዎን ሳያጥፉ፣ ቀዶ ሕክምናው ወደተሠራልዎት ቦታ በዚያው ዕለት ይምጡ።»

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በቀዶ ሕክምና ክፍል የቁስል እንክብካቤ ነርስ